«ክሬዮል» የምትል አንዲት ቃል ሦስት ወር በላችብኝ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ የፈረንሳይን ሙዚቃዊ ቴአትር ስመርጥ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጥቁር ሴቶች መድረክ ላይ እንዴት ይቀርቡ ነበር? በቃ፣ ጥያቄዬ ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሳበችኝ የቬርዲ ኦፔራ ባለታሪክ አይዳ ናት፤ የተማረከችው የኢትዮጵያ ልዕልት። በ1880 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ፓሪስ ኦፔራ ውስጥ የሙዚቃው ደራሲ ቬርዲ ራሱ ኦርኬስትራውን ሲመራ፣ አይዳን የዘፈነችው የቪየና ተወላጇ ጋብሪኤል ክራውስ ነበረች። የእኛዋ ልዕልት ማለት ነው እንግዲህ! አማካሪዬ ግን ቬርዲ ጣሊያናዊ መሆኑን አስታውሰውኝ «ላ ክሬዮል» ወደተባለው የኦፈንባክ የፈረንሳይ ሙዚቃዊ ቴአትር መሩኝ።

የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን «ጋሊካ» በተባለ ድረ ገጹ በነፃ ያስነብባል። ቁጭ ብዬ «ዘር» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ፈለግሁ። የመጣልኝ የፈረስና የውሻ ዘር ነው። ቀልዴን አይደለም። የኔን ዘመን ቃል ይዤ የእነሱን ዘመን መፈለጌ ነበር ጥፋቱ። እነሱ የሚጽፉትን ማወቅ ነበረብኝ። ስለዚህ «ክሬዮል» ብዬ ፈለግሁ። ጎርፍ መጣ። ደስ አለኝ። ክሬዮል የተባለችውን ሁሉ ኤክሴል ላይ «ጥቁር» እያልኩ ሞላሁ። ሦስት ወር ሙሉ።

አንድ ማታ ስለ ናፖሊዮን ሚስት ስለ ጆዜፊን ሳነብ እሷም «ክሬዮል» ተብላለች። ክው አልኩ። ጆዜፊን ማርቲኒክ የተወለደች የነጭ ባለርስት ልጅ ናት! ቃሉ ለካ ቅኝ ግዛት ውስጥ መወለድን እንጂ ቀለምን ብቻ አይናገርም። አንዳንዴ ነጭ፣ አንዳንዴ ክልስ፣ አንዳንዴ ጥቁር። አንዳንዴ ደግሞ ደራሲው ሆን ብሎ እንደተሸፈነ ይተወዋል፤ የሴቷን ማራኪነት የሚሸጠውም ይኸው ሽፍንፍኑ ነው። የሞላሁትን ሁሉ ደምስሼ እንደገና «ሀ» ብዬ ጀመርኩ።

«ላ ክሬዮል» ራሱ መልሱን ይዞ ነበር። በ1875 ቡፍ ፓሪዚየን ቴአትር ሲታይ፣ ከባሕር ማዶ የመጣችውን ዶራን የሠራችው ነጯ ኮከብ አና ጁዲክ ናት። በ1934 ማሪኚ ቴአትር ላይ ያችኑ ዶራን ጆዜፊን ቤከር ሠራቻት፤ የሴንት ሉዊሷ ጥቁር አሜሪካዊት፣ በ1926 ፎሊ ቤርዤር ቴአትር ላይ በሙዝ ቀሚሷ ፓሪስን ያሳበደችው። ርዕሱ አንድ፣ ሙዚቃው የኦፈንባክ፤ ርዕሱን የተሸከመው ገላ ግን ሌላ። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት መዝገበ ቃላት ይዤ ጽሑፉን ብቻ ስፈትሽ ከርሜያለሁ። ማን እንደተወነው፣ ምን እንደለበሰች ሳላይ!

በዚህም አላበቃሁም። ስለ ቤከር አንድ ምዕራፍ ጽፌ ሰጠሁ። አማካሪዬ ዳር ላይ አንዲት መስመር ብቻ ጻፉ፦ «እሷ የዘፈነችው የትኛውን ጽሑፍ ነው?» ለእሷ ሲባል ተሻሽሎ ነበር። እኔ የጠቀስኩት የ1875ቱን ነው። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ስይዝ መጀመሪያ የማየው የየት ዓመት ቅጂ እንደሆነ ነው። እስከ 1906 ድረስ ደግሞ ቴአትር ሁሉ ለመንግሥት ሳንሱር ይቀርብ ስለነበር፣ ብዙዎቹ የእጅ ጽሑፎች የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጠዋል። ቦታው ከፓሪስ ወጣ ብሎ ፒየርፊት ነው፤ በሜትሮ (የከተማ ባቡር) መስመር 13 እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄዳላችሁ። እርሳስ ያዙ፣ እስክሪብቶ አያስገቡም። ሳንሱሩ የሰረዘውን ከታተመው ጋር ስታስተያዩ ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ አታውቁትም።

ሠንጠረዤ ላይ አሁን «ማን ተወነችው» የሚል ዓምድ አለ። «ቀለም» የሚለው ግን በብዙ መስመር ላይ ባዶ ነው። አማካሪዬ ባዶውን አይተው «ተዪው» አሉኝ።