የጾም ምሳዬን ካይሮ አገኘሁት

በሰው አገር በፈረቃ እየሠራ የሚጾም ሰው ምግብ እንዴት እንደሚሰለቸው የጾመ ያውቀዋል። እኔ የምሠራው ፍራንክፈርት አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀን ምግቤ ለዓመታት ዳቦና አቮካዶ ነበር፤ ማታ ቤት ስገባ ሽሮ። ሽሮ እወዳለሁ። 55 ቀን ሙሉ ለብቻ ሲበሉት ግን ጾሙም ራሱ እየከበደ ይመጣል። አገር ቤት የጾም በያይነቱ የሚያምረው ብዙ እጅ ስለሚገባበት ነው፤ አንዷ ምስሩን፣ አንዷ ጎመኑን፣ አንዷ አዚፋውን ትይዛለች። ብቻውን የሚኖር ሰው ከሥራ ደክሞት ገብቶ ለአንድ አፍ አራት ዓይነት ወጥ አይሠራም።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ግብጻዊት አለች፤ ኮፕት፣ ማለትም የግብጽ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነች። የእነሱና የእኛ ዐቢይ ጾም አንድ ቀን ይገባል፣ ፋሲካችንም አብሮ ይውላል። የተቀራረብነውም የሠራተኛ ልደት በተከበረ ቁጥር ኬኩን የማንነካው ሁለታችን ብቻ ስለነበርን ነው። አንድ ዓመት የዕረፍት ጊዜያችን ከጾሙ ጋር ገጠመና "ነይ፣ እናቴ ቤት እንሂድ። ጾሙ እዚያ ይቀልሻል" አለችኝ።

እናቷ የሚኖሩት ሹብራ ነው። ክርስቲያኖች በብዛት ከሚኖሩባቸው የካይሮ ሰፈሮች አንዱ ነው። እናቶች ከሰገነት ላይ ቅርጫት በገመድ አውርደው፣ ሻጩ አትክልቱን ሲያስገባላቸው መልሰው ይስቡታል። ዳቦ ቤቱም ጣፋጭ ቤቱም ለጾመኛ የሠራውን "ሲያሚ" ብሎ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ይህ ምን ያለበት ነው፣ ያ ምን የሌለበት ነው እያሉ መጠየቅ የለም። ይህ ብቻ ዕረፍት ነበር። ጀርመን አገር የእያንዳንዱን ፓኮ ጀርባ እያነበብኩ ነው የምጾመው።

እናትየዋን ሰፈሩ ሁሉ "ታንት" ይላቸዋል፤ አክስት እንደማለት ነው፣ እኔም ታንት አልኳቸው። በነጋታው በሜትሮ ወደ አሮጌው ካይሮ ወስደውኝ ማር ጊርጊስ ጣቢያ ወረድን፤ በጥንቱ የባቢሎን ምሽግ በር ላይ ወደ ታነጸችው ወደ ተንጠለጠለችው ቤተ ክርስቲያን ገባን። ከአባ ሰላማ ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ከዚህ አገር ይላክልን እንደነበር፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙትም ገና በ1951 ዓ.ም. መሆኑን ሰንበት ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። እነዚህ ሰዎች ሲጾሙ ምን እንደሚበሉ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር። ከቅዳሴ ወጥተን የበላነው ነገር ነው እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ የሚሠራው።

ኩሸሪ ይባላል። ሩዝ፣ ድፍን ምስር፣ መኮሮኒ፣ ሽምብራ፣ ከላይ የቲማቲም ስልስ፣ ከስልሱ በላይ ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ ሽንኩርት። ሩዝና መኮሮኒ በአንድ ሳህን ሲሉኝ አልተዋጠልኝም ነበር። መሀል ከተማ፣ ሻምፖልዮን ጎዳና ላይ አቡ ጣሪቅ የሚባል ቤት አለ፤ በጋሪ ሽያጭ ተጀምሮ ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሆኗል። ከኩሸሪ ሌላ ምግብ ማዘዝ አያስፈልግም። ሠራተኞቹ በማንኪያ ጎድጓዳ ሳህኑን እየመቱ፣ ከየጎላው እየዛቁ በሰከንዶች ውስጥ ይሞሉታል። ከጎኑ ነጭ ሽንኩርትና አቼቶ ያለበት ውሃ ይመጣል፤ ደቃ ይሉታል። ሸጣ የሚሉት የሚያቃጥል ዘይትም አለ። ደቃውን ሳፈስበት ሁሉም ነገር አንድ ሆነ። ሆድ ይሞላል፣ ዋጋውም የተማሪና የቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል የሚባል ነገርም የለበትም።

ምግብ ቤቱ አስወደደኝ፤ ያስተማሩኝ ግን ታንት ናቸው። የኩሸሪ ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከሽንኩርቱ ነው። የእኛ እጅ የለመደው ሽንኩርት አድቅቆ ከትፎ፣ ቀስ እያሉ አቁላልቶ ማቅለጥ ነው፤ ወጡ ላይ ሽንኩርቱ መታየት የለበትም። እሳቸው ግን በቀጫጭኑ በክብ ይቆርጡና ጨው ነስንሰው ጥቂት ያቆዩታል፣ ውሃውን በፎጣ ያደርቁታል፣ ትንሽ የፉርኖ ዱቄት አልብሰው ብዙ ዘይት ውስጥ ይለቁታል። ወርቃማ ከሆነበት ቅጽበት በኋላ ለመጥቆር ጊዜ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ ማውጣት ነው፣ በራሱ ሙቀት እየበሰለ ቀለሙን ይጨርሳል። ዘይቱን አይደፉትም። ከሩዙም፣ ከስልሱም፣ ከሸጣውም የሚገባው ይኸው ሽንኩርቱ የተጠበሰበት ዘይት ነው። ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ያን ያህል የሚጣፍጥበት ምክንያት እሱ ነው።

ሌላም ብዙ በላሁ። ጠዋት ጠዋት ፉል፤ ሌሊቱን ሙሉ በትንሽ እሳት ሲበስል ያድራል፣ ከሙንና ሎሚ ይደረግበታል። ተፈጭቶ በዘይት የሚጠበሰው ጣዕሚያቸው ደግሞ እንደ ሌሎቹ አረቦች ፈላፍል ከሽምብራ አይሠራም፤ ከባቄላ ክክ ነው፣ ውስጡ በባሮ ሽንኩርትና በድንብላል ቅጠል አረንጓዴ ነው። በሳራ የሚሉት አለ፦ የባቄላ ክክ ከፐርሰሜሎ፣ ከእንስላልና ከደረቀ ናና ጋር ተቀቅሎ ይፈጭና ቀዝቅዞ በዳቦ ይበላል። አንዴ ስቀምሰው የእናቴ ስልጆ ታወሰኝ። ስልጆ ሰናፍጭና ሱፍ አለው፣ ይቦካልም፤ ቀዝቃዛው ባቄላ ምላስ ላይ ሲያርፍ ግን ዘመዳሞች መሆናቸው ያስታውቃል።

ፍራንክፈርት ተመልሼ የሠራሁት ግን ኩሸሪውን ነው። ለዚህ ምግብ ከአገር ቤት በሻንጣ ማስመጣት፣ ሰው መለመን የለም። ሁሉም እዚህ ሱቅ ውስጥ አለ። የግብጽ ሩዝ አጭርና ክብ ነው፤ ጀርመኖች በወተት የሚቀቅሉት ርካሽ ሩዝ ልክ ይሆናል። ምስሩ ቀዩ ክክ መሆን የለበትም፣ ይፈርሳል፤ ቡናማው ድፍን ይሁን። ሽምብራው የቆርቆሮ ቢሆን ምንም አይልም።

ለሦስት ሰው፣ ወይም ለአንድ ሰው ለሦስት ቀን፣ ሦስት ትልልቅ ሽንኩርት እጠብሳለሁ። 1 ኩባያ ምስር 15 ደቂቃ ያህል ቀቅዬ አጠለዋለሁ፤ ጠንከር ማለት አለበት። በሽንኩርቱ ዘይት ጥቂት የተሰባበረ ቀጭን ፓስታ ቡናማ እስኪሆን እቆላለሁ፣ 1 ኩባያ ተኩል የታጠበ ሩዝና ምስሩን ጨምሬ፣ ውሃው ከላይ አንድ ጣት ያህል እስኪያልፍ ሞልቼ ክዳኑን ገጥሜ በትንሽ እሳት እተወዋለሁ። መኮሮኒው ለብቻው ይቀቀላል። ለስልሱ በዚያው ዘይት ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈጨ ድንብላልና ከሙን፣ ቀጥሎ የታሸገ ቲማቲምና አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፤ ሲያበቃ አንድ ማንኪያ አቼቶ። ደቃው እሳት አይነካውም፦ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ከሙን፣ ጨው፣ ትንሽ ውሃ። በሸጣ ፈንታ የኛን በርበሬ በትኩሱ ዘይት በጥብጬ አደርጋለሁ። ታንት በቪዲዮ አይተውት "ይህ ኩሸሪ አይደለም" ካሉ በኋላ በርበሬ እንድልክላቸው ጠየቁኝ፤ ወደዚያ በሚሄድ ሰው ልኬላቸዋለሁ።

ለሥራ ስይዘው ሽንኩርቱን ከሩዙ ጋር አላስቀምጥም፤ በወረቀት ጠቅልዬ ለብቻ። እርጥበት ካገኘው ይለሰልሳል፣ ያኔ ግማሹ ጣዕም ሄደ ማለት ነው። ደቃው በትንሽ ብልቃጥ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሩዙንና ስልሱን ብቻ አሙቄ፣ የቀረውን ከላይ አደርጋለሁ። የግብጻዊቷ ጓደኛዬ ፈረቃ ከእኔ ጋር ሲገጥም የሁለት ሰው እይዛለሁ፣ እሷ ደግሞ ፉሉን ታመጣለች። ረቡዕና ዓርብም እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ ያለው ፍልሰታ ነው፤ እሱንም አብረን ነው የምንገባው። ለእሱ በሳራውን ለመሥራት የባቄላ ክክ ከቱርኮች ሱቅ ገዝቻለሁ፤ ታንት ውሃውን በዓይን መጠን ብቻ ስለነገሩኝ ልጃቸው ደውላ በኩባያ እንድትለካልኝ ጠይቄያታለሁ።