እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ፤ በተለይ እሳት ዳር ለምትውሉ

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ቀደም ብዬ ልጽፍላችሁ ነበር። ግን የበዓል ገበያ መቼ ፋታ ይሰጣል፣ እስከ ትናንት ማታ ድስት ስናስረክብ ነበር። ዛሬ ዶሮው ከኛ እጅ በወጣ ድስት የሚወጠወጥበት ቤት ካለ፣ ይጣፍጥላችሁ!

እንደ ሌላው ጊዜ የብረታ ብረት አቅላጮች ማኅበራችን በዓመቱ የሠራውን ልነግራችሁ ነው የተነሳሁት። እነግራችኋለሁም። ግን 2017 ለኔ ጋሼ ያረፉበት ዓመት ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣልኝ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ በደርግ ጊዜ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ አሸዋ በመጠቅጠቅ የጀመሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከኛ ያልተለዩ ሰው ናቸው። የሞልድ (የቀለጠው ብረት የሚፈስበት ቅርጽ) አሸዋ በእጃቸው ጭብጥ ያደርጉና መዳፋቸውን ይከፍታሉ፣ ከዚያ ለሁለት ይሰብሩታል። ስብራቱ ጥርት ካለ አሸዋው ደርሷል። ጣት ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቶበታል፣ ዕቃውም በእንፋሎት ተበሳስቶ ይወጣል። መሣሪያ የለ፣ ምን የለ። እርጥብ ቁራሌ ምድጃ ውስጥ የሚጥል ልጅ ካዩ ግን አይምሩም ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ከቀለጠ ብረት ሥር የገባች ጠብታ ውሃ ቅጽበት ሳይሞላት እንፋሎት ትሆንና ሁሉን ነገር ፊት ላይ ትረጨዋለች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስላሠሩበት ስለ ጋፋት ያጫውቱናል። መድፉ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ነው። ያን ሁሉ በዚያ ዘመን ለማፍሰስ ስንት ምድጃ እኩል መድረስ እንደነበረበት ሲያሰሉ ፊታቸው ይበራ ነበር።

ግንቦት ላይ አረፉ። ሳንባቸው ነው። ሐኪሞቹ የዓመታት ብናኝ ነው አሉን። ሞልድ ሲፈርስ የሚነሳው ደቃቅ የአሸዋ አቧራ አንዴ ሳንባ ከገባ አይወጣም፣ እዚያው ጠባሳ እየሠራ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሁላችንም ስንስል የኖርነው ሳል ነው እኮ! የሥራ ሳል ነው እያልን።

ማኅበሩ በ2017 የሠራው ትልቁ ነገር እዚያው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው የተጀመረው። አሁን በየአባሉ ቤት ደህና ማስክ አለ፣ የጨርቁን ማለቴ አይደለም፣ ማጣሪያ ያለውን። ወለልም በደረቁ አይጠረግም፤ ብረቱ ከቀዘቀዘና ከተነሳ በኋላ ውሃ ረጨት ረጨት አድርገን ነው። ለአንዳንዱ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ሌላው ድስት ነው። ካሜሩን ውስጥ ከቁራሌ በእጅ የሚሠሩ ድስቶች ተመርምረው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ተገኝቶባቸዋል። እኛም የምናቀልጠው ያንኑ ዓይነት ቁራሌ ነውና ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሞተር ስብርባሪና ራዲያተር ለድስት እንዳይገባ ተስማምተናል፣ ለፑሊ (የወፍጮ ቀበቶ የሚዞርበት ጎማ) እና ለመሳሰለው ይሁን። የዶላር ምንዛሪው ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ 130ን ካለፈ ወዲህ ክሩሲብል (ብረት የሚቀልጥበት ማሰሮ) ብቻውን ገዝቶ የሚችል ጠፋ፣ ስለዚህ በጋራ ማስመጣት ጀመርን። የመሥሪያ ቦታ ጥያቄያችን ግን አሁንም ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘንድሮ መልስ እንፈልጋለን።

ከትናንት ወዲያ የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ እኛ ጋ እልልታው ሌላ ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት! ኢንዳክሽን ምድጃ (በመብራት የሚያቀልጠው) ያላቸው አባሎቻችን መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚሆነውን ያውቁታል፤ ብረቱ እዚያው ይረጋል፣ የምድጃውንም ልባስ ይዞት ይሄዳል። ኃይሉ እስከ ሠፈራችን ትራንስፎርመር ድረስ ይምጣልን፣ የዓመቱ ምኞቴ ይሄ ነው።

አሁን ምስጋና። ለአናጢያችን፣ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ በሜትር 13 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚኮማተር አስቦ ፓተርኑን (አሸዋው ላይ ቅርጽ የምናወጣበትን የእንጨት ሞዴል) አሳድጎ ለሚጠርብልን፣ ሒሳቡንም ለጀማሪዎቹ ልጆች ሳይሰስት ለሚያሳየው፣ እጅህ ይባረክ። ከቴክኒክና ሙያ መጥታችሁ አሁን ከኛ እኩል ለምታፈሱት ሁለት እህቶቼ፣ ጋሼ በናንተ እንደኮሩ ነው የሄዱት። ለደብረ ብርሃኑ ባለ ወፍጮ፣ የተሰበረውን ፑሊ ተሸክመህ እኛ ዘንድ ስለመጣህ፣ የውጩን ልግዛ ስላላልክ። ሌሎቻችሁም እንደሱ አድርጉ፣ መጀመሪያ እኛን ጠይቁን። እትዬ፣ የጋሼን ዕቃ ሙሉውን ለማኅበሩ ሲሰጡን አንድም ቃል መተንፈስ አቅቶን ነበርና ምስጋናችንን እዚህ ይቀበሉን።

በነጠላ ጫማ የምታፈሱ ደግሞ አላችሁ። ስማችሁን አልጠራም። ልጆቻችሁ አበባየሆሽ ብለው የሰበሰቡትን ብር ተበድራችሁም ቢሆን ቆዳ ቦቲ ግዙ፣ እለምናችኋለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ከጋሼ ዕቃ ውስጥ የድሮ የእንጨት ፓተርኖች አሉበት፣ ከመስቀል በኋላ ለልጆቹ ማስተማሪያ እንከፍታቸዋለን። ከአባታችሁ ወይ ከአጎታችሁ የቀረ ፓተርን ቆጥ ላይ ያላችሁ፣ ማገዶ እንዳታደርጉት። ደውሉልኝ፣ የትም ሠፈር ይሁን እኔው መጥቼ አነሳዋለሁ።