መጀመሪያ የውሳኔ ሃሳቡ ይነበብ

ጅማ ውስጥ ስብሰባ አይታጣም። የከተማው ምክር ቤት አለ፣ የቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ አለ፣ በየሰፈሩ እድር አለ። መጠናቸው ቢለያይም ክርክር የሚበላሽባቸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ሁሉም ይናገራል፣ በምን ላይ እየተናገረ እንደሆነ ግን አልተለየም። «የአዌቱ ወንዝ ጽዳት» አጀንዳ ነው። የውሳኔ ሃሳብ ማለት ደግሞ «አዌቱ ዳር ቆሻሻ የጣለ ሰው 1,000 ብር ይቀጣ» የሚል፣ እጅ ሊወጣበት የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ተጽፎ፣ ደጋፊ አግኝቶ፣ ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ሰብሳቢው ለማንም ዕድል መስጠት የለበትም።

የኦሮሚያ ምክር ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እድሩና ማኅበሩ ጋ ግን አማርኛና አፋን ኦሮሞ አብረው ይነገራሉ። ንግግሩ ቢቀላቀል ችግር የለም፤ የውሳኔ ሃሳቡ ግን ከድምፅ በፊት በሁለቱም ይነበብ። «ይቀጣል» እና «ሊቀጣ ይችላል» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ በአፍ ትርጉም ቶሎ የሚጠፋውም እንዲህ ያለው ልዩነት ነው።

ቀጥሎ ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ጉባኤው እንዲከፈት መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያስቀመጠው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘትን ነው። «ከግማሽ በላይ» ማለት ከ99 አባላት 50፣ ከ100 አባላት ደግሞ 51 ነው። 50 ሰው ይዞ የ100 ሰው ጉባኤ የሚከፍት ሰብሳቢ ገና ከመነሻው ተሳስቷል። ጠዋት የተሞላው አዳራሽ ከምሳ በኋላ ሊሳሳ ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት እንደገና ይቆጠር። የጠዋቱ የፊርማ ወረቀት በድምፅ ሰዓት ማን ወንበሩ ላይ እንዳለ አያሳይም።

ተናጋሪዎች በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ይናገሩ፤ አንድ ጊዜ ያልተናገረ ሰው እያለ ለሁለተኛ ጊዜ ለሚጠይቅ ዕድል አይሰጥ። ደቂቃው አስቀድሞ ይነገር፣ ለሁሉም እኩል ይሁን። በፌዴራሉ ምክር ቤት ንግግር በ«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» መጀመሩ ለጌጥ አይደለም። ንግግሩ ወደ ሰብሳቢው ሲሄድ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት አይጋጩም፤ «አንተ» እና «አንቺ» ከአዳራሹ ይወጣሉ። ሰብሳቢውም ራሱ መከራከር ከፈለገ ወንበሩን ለምክትሉ ለቆ እንደማንኛውም አባል ይመዝገብ።

«ሥነ ሥርዓት!» ብሎ ንግግር ማቋረጥ የሚፈቀደው ደንብ ሲጣስ ብቻ ነው፦ ደቂቃ ሲያልፍ፣ ንግግሩ ከአጀንዳ ሲወጣ፣ ሰው ሲሰደብ። ያቋረጠው ሰው የተጣሰውን ደንብ ይጠቅሳል፣ ሰብሳቢው እዚያው ይወስናል፣ ተናጋሪው ይቀጥላል። በዚህ ስም ገብቶ መልስ መስጠት የሌላውን ተራ መውሰድ ስለሆነ ሰብሳቢው ወዲያው ሊያስቆመው ይገባል። «ክርክሩ ይብቃ» የሚለው ጥያቄም ያለ ክርክር ድምፅ ይሰጥበታል፤ የሌሎችን የመናገር መብት ስለሚዘጋ ብዙ ጉባኤዎች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቁበታል። ተገቢ ነው እላለሁ፤ ጠባብ ብልጫ ያለው ወገን ሌላውን አፍ እንዲያስይዝ መፍቀድ ጉባኤውን ያፈርሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው ከዋናው በፊት ድምፅ ይሰጥበታል፣ ከዚያ ዋናው እንደተሻሻለ ይቀርባል። ማሻሻያዎቹ ብዙ ከሆኑ ከዋናው ሃሳብ በጣም የራቀው ይቅደም። ምክንያቱን በአዌቱ ምሳሌ እንየው። ዋናው ቅጣት 1,000 ብር ነው፤ አንዱ 1,500፣ ሌላው 3,000 ይሁን አለ። 1,500ው ከቀደመ 3,000 የሚፈልጉት የራሳቸውን እየጠበቁ ይቃወማሉ፣ በ1,000 የረኩትም ይቃወማሉ፣ ሃሳቡ ይወድቃል። ቀጥሎ 3,000ው ሲቀርብ ደግሞ በዛብን ብለው የ1,500ዎቹ ይቃወማሉ። አብዛኛው ሰው ቅጣቱ ከፍ እንዲል እየፈለገ 1,000 ብር ይጸናል። 3,000ው ቀድሞ ቢወድቅ ግን ደጋፊዎቹ ወደ 1,500 ይመጡ ነበር።

ድምፅ ላይ ስንደርስ ደንቡ ውስጥ «በአብላጫ ድምፅ» ብሎ መተው አይበቃም። የማን አብላጫ? 99 አባላት ካሉት ምክር ቤት 60 ተገኙ እንበል፤ 28 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 12 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ስሌቱ ከደገፉትና ከተቃወሙት 48 ሰዎች ከሆነ 28 ያሳልፋል። ከተገኙት 60 ከሆነ 31 ያስፈልግ ነበር፣ ወድቋል። ከጠቅላላው 99 ከሆነ ደግሞ 50 ያስፈልጋል። እጆቹ ያው ናቸው፣ ውጤቱ ግን ተለያየ። ይህ በደንቡ ካልተጻፈ ጠቡ የሚነሳው ከቆጠራው በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም የሚተረጉመው ለራሱ ወገን ነው።

ሰብሳቢው «የሚደግፍ?» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ «የሚቃወም?» እና «ድምፀ ተዓቅቦ?» ተጠይቀው ሦስቱም ይቆጠሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ የተቃወመ ሰው እጁን በግልጽ ማውጣት የሚችለው እንዲህ ያለ ዋስትና ሲኖረው ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ የጸደቀው ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል፣ ያቀረበውና የደገፈው ሰው ስም፣ ሦስቱ ቁጥሮች ይጻፉ። ከዚያ ይደመሩ፦ 28፣ 20 እና 12፣ 60። ድምሩ ከድምፁ በፊት ከተቆጠረው ሰው ጋር ካልገጠመ ሰብሳቢው ውጤቱን ከማወጁ በፊት እጅ እንደገና ይውጣ።