ሰርቨሩ «አለሁ» ሲል፣ እውን አለ?

ኮምቦልቻ ላለ አንድ የእህል መጋዘን የሒሳብ ሰርቨሩን የምከታተለው እኔ ነኝ። የምኖረው ደሴ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከርቀት ገብቼ ነው የምሠራው። ስለዚህ ሰርቨሩ ስለ ራሱ የሚነግረኝ ነገር እውነት ካልሆነ ሥራዬ ሁሉ ጨለማ ነው።

ችግሩ የሚመጣው መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ ነው። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ወዲያው ስልክ ይደወላል። የሒሳብ ሠራተኛዋ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ወላሂ ዛሬም እምቢ አለኝ» ይላሉ። ገብቼ ስታተሱን ስጠይቅ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳውና የሚከታተለው) በአረንጓዴ «አክቲቭ»፣ ማለትም «እየሠራ ነው» ይለኛል።

ያመንኩት እሳቸውን ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ጥያቄ የሚቀበልበትን ፖርት አየሁ፤ የሚያዳምጥ የለም። የፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ዝርዝሩንም አየሁ፤ ፕሮግራሙ ከነጭራሹ የለም። ስታተሱን ደግሜ ሳነብ ከ«አክቲቭ» አጠገብ «ኤግዚትድ» (ጨርሶ ወጥቷል) የሚል ቃል አለ። ነገሩ ሁሉ እዚያች ቃል ውስጥ ነበር።

ፕሮግራሙ የሚነሳው በድሮው ዓይነት የኢኒት ስክሪፕት (ማስነሻ የትእዛዝ ፋይል) ነው። እዚህ ሰርቨር ላይ ያለው ሲስተምዲ እንዲህ ያለ ስክሪፕት ሲያገኝ ራሱ ዩኒት (የአነሳሱን መመሪያ የያዘ ፋይል) ያዘጋጅለታል። የስክሪፕቱ ራስጌ ላይ የፒአይዲ ፋይሉ (የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር የሚጻፍበት ፋይል) ቦታ ካልተጻፈ ግን የትኛውን ፕሮሰስ እንደሚከታተል አያውቅም። ስለዚህ ስክሪፕቱ በዜሮ፣ ማለትም «ተሳክቷል» ብሎ ከወጣ «ተነስቷል» ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ቢሞትም ያው ነው።

ታዲያ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ስክሪፕቱ ለምን በዜሮ ወጣ? ይሄኛው ነው ያስደነቀኝ። ፒአይዲ ፋይሉ የሚቀመጠው ሪቡት ሲደረግ በሚጸዳው «ራን» በሚባለው ፎልደር ሳይሆን ዲስክ ላይ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ፎልደር ውስጥ ነው። መብራት ሲሄድ የሚያጠፋው የለም። ፋይሉን ከፍቼ ቁጥሩን ወሰድኩና ፕሮክ (የሚሠሩ ፕሮሰሶች መረጃ የሚታይበት ፎልደር) ውስጥ ፈለግኩት። ቁጥሩ ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው የክሮን ሆኗል! ስክሪፕቱ የሚያጣራው በዚያ ቁጥር በሕይወት ያለ ፕሮሰስ መኖሩን ብቻ ነው። ክሮን ስላለ «ቀድሞ ተነስቷል» ብሎ በሰላም ይወጣል። ቁጥሩ ሌላ ፕሮሰስ ላይ ባላረፈ ቀን ደግሞ ሁሉም በደንብ ይነሳል። አንዴ የሚሠራው አንዴ እምቢ የሚለው ለዚህ ነበር።

ስክሪፕቱን መጠጋገን አልፈለግኩም። በዚያው ስም ትክክለኛ የሲስተምዲ ዩኒት ጻፍኩ፤ ያ ካለ ስክሪፕቱ ይታለፋል። ፕሮግራሙ ወደ ጀርባ ሳይሸሽ ፊት ለፊት እንዲሠራ አደረግኩ፣ ታይፑን «ኤግዜክ» አልኩት። አሁን ዋናውን ፕሮሰስ የሚይዘው ሲስተምዲ ራሱ ነው፤ የፒአይዲ ፋይል የሚባል ነገር ቀረ።

ከዚያ ፕሮግራሙን ሆን ብዬ በኪል ዘጠኝ (በግድ በሚዘጋ ትእዛዝ) ገደልኩት። ስታተሱ ቀይ «ፌይልድ» (ወድቋል) አለ። ደስ አለኝ! ሪስታርት የሚለውን መስመር የጨመርኩት ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢገባ ፕሮግራሙ ወዲያው ተመልሶ ይነሳና ስታተሱ ሞትን በትክክል መናገሩን አላይም ነበር።

አንድ ክፍተት አሁንም አለ። ፕሮሰሱ በሕይወት እያለ ዳታቤዙ ካልመለሰለት ሲስተምዲ «አክቲቭ» ማለቱን አይተውም፤ እሱ የሚያየው ፕሮሰሱን ብቻ ነው። ለዚህ በየደቂቃው የመግቢያ ገጹን በከርል (ለድረ ገጽ ጥያቄ በሚልክ ትእዛዝ) የሚጠይቅ ታይመር አስቀመጥኩ። ገጹ ካልተከፈተ ስልኬ ላይ መልእክት ይልክልኛል፣ ሴትየዋ ከመደወላቸው በፊት።