አራት ቀን በኮርቻ ላይ

«ገንዘብ ከፍለህ ፈረስ ልትቀመጥ?»

አባቴ በስልክ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። አዎ አባባ፣ አራት ቀን፣ ማደሪያና ምግብ ጨምሮ። «ሲያልቅ ፈረሱን ትወስደዋለህ?» አልወስደውም አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ አወራን።

አባቴ የሚኖረው እንጅባራ ነው። እዚያ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር ሜዳው በፈረስ ይሞላል። እኔ ግን ሮም ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት የተቀመጥኩት አውቶቡስ ላይ ብቻ ነው። በመስከረም አጋማሽ፣ የወይን ለቀማው በተጀመረበት ሳምንት፣ በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ወዳሉት የኪያንቲ ኮረብቶች የሄድኩት የአገው ልጅ ፈረስ መጋለብ አይማርም በሚል ትዕቢት ነበር።

ትዕቢቱ የቆየው ኮርቻው ላይ እስክወጣ ነው። በቀኝ በኩል ቀርቤ እግሬን ሳነሣ ፈረሱ አንገቱን አዙሮ «ይህ ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው?» በሚል ዓይን አየኝ። መሪያችን፣ ፊቷን ፀሐይ ያከሰለው የሃምሳ ዓመት ሴት፣ «በግራ ነው» አለች። አባቴ በቀኝ ነው የሚወጣው፤ አያቴም እንዲሁ ነበር፤ ያውም በባዶ እግሩ፣ እርካቡ ውስጥ አውራ ጣቱን ብቻ አስገብቶ። አውሮፓውያን በግራ የለመዱት ጎራዴያቸው በግራ ጎናቸው ስለሚንጠለጠል ነው ይባላል። ጎራዴው ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ፈረሶቹ ግን አልሰሙም።

የደረሰኝ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ዳማ ነው። ስሙ ፉልሚኔ ይባላል፤ መብረቅ ማለት ነው። በአራቱ ቀን መብረቅነቱን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሲሰርቅ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ከራዳ ከተማ ተነሥተን በድንጋይ ወደ ተሠራችው ትንሽ መንደር ወደ ቮልፓያ ስንወጣ መንገዱ በአንድ የወይን ማሳ ዳር ያልፋል። መሪያችን ጠዋት አስጠንቅቃናለች፤ ባለማሳዎቹ የሚያሳልፉን በእምነት ነው፤ ፈረሱ ሣር ቢግጥ ግድ የለም፣ ወይን ግን እንዳይነካ። እኔ ሸለቆውን ሳይ ዛቡ ላልቶ ነበር መሰለኝ፣ ፉልሚኔ አንገቱን ወርውሮ አንድ ሙሉ ዘለላ ከነዘንጉ ገነጠለ። ልጓሙ በአፉ እያለ እንዴት እንዳኘከው አላውቅም። ጭማቂው በከንፈሩ ጥግ ወርዶ ደረቱ ላይ ሲንጠባጠብ ሐምራዊ ነበር። ሁለት ለቃሚዎች መቀሳቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩን፤ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አልሳቀም። ይቅርታ የጠየቅኩት ያልሳቀውን ነው።

ወይኑ ሳንጆቬዜ ይባላል። ጠርሙሱ ላይ «ኪያንቲ ክላሲኮ» ተብሎ እንዲጻፍ ከመቶ 80 እጁ ይህ ዝርያ መሆን አለበት፤ የነጭ ወይን ፍሬ መቀላቀል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ተከልክሏል። የአካባቢው ወሰን የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1716 በቶስካና መስፍን በኮሲሞ ሦስተኛ አዋጅ ነው። ይህን ሁሉ በየጓዳው ስትቀምስ ይነግሩሃል፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ትረሳዋለህ። እኔ የማልረሳው መሬቱን ነው። ጋሌስትሮ የሚሉት ስስ ድንጋይ አለ፤ ሰኮና ሲረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። በመኪና ያለፈ ሰው ይህን ድምፅ አይሰማውም።

ሌላው የማልረሳው አንድ የገበሬ ቤት ቆጥ ነው። ቪን ሳንቶ የሚሉትን ጣፋጭ ወይን የሚሠሩበት ቦታ ነው። የነጭ ወይን ዘለላ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል፤ ቆይቶ ይጨመቅና በትንንሽ በርሜል ታሽጎ እዚያው ቆጥ ላይ፣ የበጋው ሙቀትና የክረምቱ ብርድ እየተፈራረቀበት፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጣል። ቀና ብዬ ሳይ የእናቴ ማድቤት ታየኝ፤ ለዘር የተለየው በቆሎ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ጢስ የሚበላበት። ሽታው ግን ሌላ ነው፤ ዘቢብና አሮጌ እንጨት። ባለቤቲቱ የቀዱልኝ ከቡና ሲኒ አይበልጥም፤ ቀለሙ ጠጅ ይመስላል፤ ጌሾ ግን የለውም፤ ለእኔ ያ ጉድለት ነው።

በዚያ ምሽት እራት ላይ አንድ ጡረተኛ ጣሊያናዊ ጓዳችን ፈረስ የት እንደለመድኩ ጠየቀኝ። ስለ ማኅበሩ ነገርኩት፤ ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶችና ፈረሰኞች መታሰቢያ መሆኑንም አልደበቅኩም። ጠረጴዛው ላይ ሹካ ሳይቀር ጸጥ አለ። ሰውየው ጠርሙሱን አነሣና፣ «እንግዲያውስ ለፈረሶቹ» ብሎ ቀዳልኝ።

ሦስተኛው ቀን ጭኔ ተልጦ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

በአራተኛው ቀን ከካስቴሊና ከተማ ወደ ደቡብ ወርደን ፎንቴሩቶሊ የምትባል መንደር ደረስን። የኪያንቲ ክላሲኮ ጠርሙስ አንገት ላይ ያለው ጥቁር አውራ ዶሮ አፈ ታሪክ የሚያልቀው እዚህ ነው። ፍሎረንስና ሲዬና ስለ ወሰን ሲዋጉ ኖረው ሰለቻቸው፤ ከየከተማው አንድ ፈረሰኛ ዶሮ ሲጮኽ ይነሣ፣ የተገናኙበት ቦታ ድንበር ይሁን ተባባሉ። ሲዬናዎች ነጭ ዶሮ መርጠው እስኪጠግብ አበሉት። ፍሎረንሶች ጥቁሩን በጨለማ ዘግተው አስራቡት፤ ሊለቁት ሲያወጡት ገና ሳይነጋ ጮኸ። የእነሱ ፈረሰኛ ያንን ሁሉ አገር አቋርጦ የሲዬናውን ያገኘው እዚህ ነው፤ ለሲዬና 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር። ኪያንቲ በሞላ ጎደል የፍሎረንስ ሆነ።

ስለ ዶሮው ጠርሙሱም፣ የመንገድ ምልክቱም፣ የሱቁ ጨርቅም ይናገራል። ሌሊቱን ሙሉ ዳገቱን የወጣው ፈረስ ግን ስም እንኳን የለውም። ሰውን በፈረሱ ስም የሚጠራ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ የሚል አገር ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ነገሩ ከነከነኝ።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ተረቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠና እንዳሰብኩት፣ «የፈረሱ ስም ማን ይባላል?» አለ።

«አልተጻፈም አባባ።»

«ያንተስ?»

«ፉልሚኔ። መብረቅ ማለት ነው።»

«አባ መብረቅ!» አለና ሳቀ፤ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር የሚጠራኝ በዚህ ስም ነው፤ ለጎረቤትም ነግሯል። በመጨረሻው አቀበት ላይ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴትዮ ዳቦ በቅርጫት ይዘው በብስክሌት ቀድመውን እንዳለፉ እስካሁን አልነገርኩትም።