የሀብታሞቹ ባሕር ዳርቻ በኪሴ ልክ

ኮት ዳዙር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ትልልቅ የግል ጀልባ፣ ቀይ ምንጣፍና ካዚኖ ነው። ውሸት አይደለም፣ ሁሉም አለ። ይሁንና ይህ የደቡብ ፈረንሳይ ዳርቻ ደመወዝ ጠብቆ ለሚኖር ሰውም አይከፋም። እኔ ከምኖርባት ከፍራንክፈርት ተነስቼ በመስከረም ሄድኩ። የነሐሴ ግርግር ያኔ ቀለል ይላል፣ ባሕሩ ግን ገና ሞቃት ነው። ግንቦትን ሽሹት። የካን ፊልም ፌስቲቫል በዚያው ወር፣ የሞናኮው የመኪና ውድድርም በወሩ መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ስለሚውሉ የአልጋ ዋጋ ጣሪያ ይነካል።

ያደርኩት ኒስ ነው፣ ያውም ከባቡር ጣቢያው አጠገብ። ሰፈሩ አያምርም፣ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ ይመቻል። የክልሉ ባቡር ዳርቻውን ይዞ ከተሞቹን ያገናኛል። ሞናኮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ካንም ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ትኬቱ ከአንድ ምሳ ይረክሳል። ወደ ሞናኮ ስትሄዱ በቀኝ፣ ወደ ካን ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። የሀብታሞች ጀልባ የሚሰበሰብባትን ሴን ትሮፔን ባቡር ስለማይገባባት ተውኳት። የሰው ጀልባ ለማየት መንገድ ላይ ግማሽ ቀን መጨረስ አልታየኝም።

ኒስ ራሷ ሰፊ ጊዜ ይገባታል። ባሕሩን ታክኮ የሚሄደው ፕሮምናድ ዴ ዛንግሌ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስሙም እንደሚለው፣ ብርድ ሸሽተው ይመጡ የነበሩ እንግሊዞች በ1820ዎቹ ያሠሩት መንገድ ነው። ሰማያዊ ወንበሮች ተደርድረውበታል፣ መቀመጥ በነፃ ነው። ባሕሩ ዳር አሸዋ አትጠብቁ፣ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። የውሃ ጫማ ሳይዝ የገባ ሰው ሲወጣ እያነከሰ ነው። ወንበርና ጃንጥላ የተዘረጋበት ቦታ ሂሳብ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ ፎጣ አንጥፎ በነፃ የሚዋልበት አለ። ውሃው ያው አንድ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ከተማዋን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ይጮሃል። የየዕለት ልማዳቸው ነው፣ አትደንግጡ። እኔ ሰምቼ ዘልዬ ስነሳ አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ሳቁብኝ። ኮረብታው ላይ በደረጃም በአሳንሰርም ይወጣል። በላዩ የነበረውን ምሽግ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1706 ስላስፈረሰው የቀረው ፍርስራሽና መናፈሻ ነው፤ ከተማዋንና ወደቡን ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ ግን አላገኘሁም።

አሁን ወደ ሆድ። ኒስ ከሰርዲኒያ መንግሥት ወደ ፈረንሳይ የተላለፈችው በ1860 ስለሆነ ምግቧ ጣሊያን ጣሊያን ይላል። ለጣሊያን አንድነት የተዋጋው ጋሪባልዲም የተወለደው እዚሁ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከኩር ሳሌያ ገበያ አካባቢ፣ ሶካ ጠይቁ። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይትና ጨው ነው፣ በቃ። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ቅቤ ወይም ወተት እንዳለበት ሻጯን ደጋግሜ ጠየቅኳት። የለም! ሊጡን ትልቅ ክብ የመዳብ መጥበሻ ላይ አፍስሰው እንጨት የሚነድበት ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። ጫፍ ጫፉ ሲያርር አውጥተው በቢላ ይፍቁትና፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው ወረቀት ላይ ይሰጧችኋል። በእጅ ነው የሚበላው፣ በትኩሱ። ጾመኛ የሆነ ሰው እዚያ አይቸገርም።

ሞናኮ ከሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አትበልጥም። ቤተ መንግሥቱ ፊት ለ6 ሰዓት 5 ደቂቃ ሲቀረው ዘበኞች ይቀያየራሉ፣ ካዚኖው ደጅ ሰዉ መኪና ፎቶ ያነሳል። የሞናኮ ዜጎች ራሳቸው እዚያ ቁማር መጫወት በሕግ ተከልክለዋል። እኔን የወሰደኝ ግን ስታድ ሉዊ 2ኛ የተባለው ስታዲየም ነው። ቱሪስቱ ዞር ብሎ አያየውም፣ ከውጭ ሲያዩት የቢሮ ሕንፃ ይመስላል። ገንዘቤ ዲባባ ሐምሌ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. 1,500 ሜትርን በ3:50.07 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚያ ነው። የሰበረችው ሰዓት ከ20 ዓመት በላይ አልተነካም ነበር። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰንም እ.ኤ.አ. በ2019 ለኔዘርላንድ ሮጣ የማይል ክብረ ወሰኑን እዚያው አሻሽላዋለች። አጥሩ ጋ ቆሜ የገንዘቤን ውድድር በስልኬ ደግሜ አየሁት። ካዚኖው ውስጥ አልገባሁም።

ኤዝ የምትባለው መንደር ከባሕሩ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ አለት ላይ ተሰቅላለች። ከታች ከባቡር ፌርማታው በኒቼ ስም የተጠራ የእግር መንገድ ወደ ላይ ይወስዳል። ፈላስፋው በ1880ዎቹ የአውሮፓን የብርድ ወራት ኒስ ያሳልፍ ነበር። አቀበቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ መንገዱም ጠጠር ነው። በጠዋት ጀምሩ፣ ውሃ ያዙ፣ ነጠላ ጫማ እንዳታስቡ።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ሴን ኦኖራን ነው። ከካን ወደብ በጀልባ ትንሽ ተጉዞ የሚገኝ ደሴት ነው። በ410 አካባቢ ቅዱስ ኦኖራ ገዳም የመሠረተበት ሲሆን፣ ዛሬም መነኮሳት ይኖሩበታል። ወይን ይተክላሉ፣ ይጠምቃሉ፣ ይሸጣሉ። መኪና የለም። የባሕር ወንበዴ ሲያስቸግራቸው የሠሩት ግንብ ውሃው ዳር ቆሟል። ጣና ላይ ገዳም ለተሳለመ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፣ ዛፉና ጸጥታው ያው ነው። ያኛው ወገን፣ የካን ሆቴሎች፣ ከባሕሩ ማዶ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ። ስትወርዱ የመጨረሻዋ ጀልባ በስንት ሰዓት እንደምትነሳ ጠይቁ፣ ደሴቱ ላይ ሆቴል የለም። ገዳሙ የእንግዳ ቤት አለው፣ እሱ ግን ለጸሎት ለሚመጡና ቀድመው ለሚያስይዙ ነው።