ቤታቸውን ንብረት ብለው የሞሉት አባት

ለ2025–26 የትምህርት ዘመን የተሞላ አንድ የፋፍሳ (የአሜሪካ ፌዴራል የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ቅጽ ሜሪላንድ ውስጥ ወደሚገኝ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደረሰ። አባት ታክሲ ይነዳሉ፣ እናት በነርስ ረዳትነት ይሠራሉ። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የ2023 ገቢያቸው ከ85,000 ዶላር ትንሽ ይበልጣል። ቅጹ ያወጣው ኤስ ኤ አይ፣ ማለትም የቤተሰቡን የመክፈል አቅም የሚያሳየው ቁጥር፣ 13,400 ነበር። የማይመለሰው የመንግሥት ድጋፍ፣ የፔል ግራንት፣ ጣሪያ በዚያ ዓመት 7,395 ዶላር ስለነበረ፣ በዚህ ቁጥር ለልጁ በገቢና በቤተሰብ ብዛት ከሚሰጠው ዝቅተኛ ፔል (740 ዶላር) በላይ አይታሰብም።

አባትየው ቢሮ የመጡት ሌላ ጥያቄ ይዘው ነው። “ትልቋ ልጄም ኮሌጅ ናት። ሁለት ልጅ ሲማር ቁጥሩ ለሁለት ይካፈላል ተብዬ ነበር፤ ለምን አልተካፈለም?”

የነገሯቸው ሰዎች አልዋሹም፤ እስከ 2023–24 ድረስ የነበረው ኢ ኤፍ ሲ የሚባለው ስሌት የወላጆችን ድርሻ ኮሌጅ በገቡት ልጆች ቁጥር ያካፍል ነበር። በ2024–25 ኤስ ኤ አይ ሲተካው ማካፈሉ ቀረ። ብዙ ቤተሰብ ዛሬም በድሮው ስሌት እያቀደ ይጎዳል።

ሠራተኛዋ ይህን አስረድታ ልትሸኛቸው ትችል ነበር። ግን የንብረቱ መስመር ላይ ዓይኗ አረፈ፤ 190,000 ዶላር ይላል።

“ይሄ ምንድን ነው አባቴ?”

“ቤታችን ነዋ። የባንኩን ዕዳ ቀንሼ ነው የጻፍኩት። የባለቤቴን የጡረታ ገንዘብም ደምሬበታለሁ፤ ምንም አልደበቅሁም።”

ቅጹ ስለ ኢንቨስትመንትና ስለ ሪል ስቴት ሲጠይቅ ጠንቃቃ ሰው የሚኖርበትን ቤት ይጽፋል። ፋፍሳ ግን ቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤትም ሆነ እንደ ፎር ኦ ዋን ኬ ያለ የጡረታ ቁጠባን አይቆጥርም። የሚያከራዩት ቤት ካለ ግን መጻፍ አለበት። ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የድጋፍ ማመልከቻ የሚጠይቁ ኮሌጆች ስለ መኖሪያ ቤትም ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ የአንዱን ቅጽ መልስ ወደ ሌላው መገልበጥ አይገባም።

ጉዳቱ እንዲህ ይሰላል። ከወላጆች ንብረት 12 በመቶው ከተቀናሾች በኋላ በሚቀረው ገቢ ላይ ይደመራል፤ ከ190,000 ዶላር 22,800 ማለት ነው። ድምሩ ላይ ደግሞ ከ22 እስከ 47 በመቶ የሚደርስ እርከን ይሠራበታል። መስመሩ ሲስተካከል ኤስ ኤ አዩ ወደ 4,700 ገደማ ወረደ፤ ለልጁም በዓመት 2,700 ዶላር የሚጠጋ ፔል ተገኘ። ብድር አይደለም፣ አይመለስም።

እርማቱ ግን በቢሮው ጠረጴዛ ላይ አላለቀም። አባትየው በራሳቸው አካውንት ገብተው የወላጅን ክፍል አርመው መፈረም ነበረባቸው። ልጆች የወላጅን የይለፍ ቃል ይዘው በወላጅ ስም ሲፈርሙ ይታያል፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። የሚፈለግ ፊርማ ከጎደለ ቅጹ ሳይጠናቀቅ ይቀመጣል፤ ማንም ደውሎ ላያሳስብ ይችላል።

አባትየው ሊሄዱ ሲሉ፣ ለትንሿ ልጅ በስሟ 6,000 ዶላር ሊያስቀምጡ እንዳሰቡ አነሱ። በተማሪ ስም ያለ ገንዘብ 20 በመቶው ይታሰባል፤ 1,200 ዶላር ይሆናል። ያው ገንዘብ በወላጅ ስም ቢሆን ቢበዛ 5.64 በመቶ፣ 340 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ከቤተሰቡ ጥገኛ የሆነች ተማሪ የ529 ቁጠባ (ለትምህርት የሚከፈት የቁጠባ ሒሳብ) ደግሞ እንደ ወላጅ ንብረት ይቆጠራል።

በመጨረሻ እናትየው ከሁለቱ ሥራዎቻቸው አንዱን በ2024 በሕመም ምክንያት መተዋቸው ተነሳ። ቅጹ የሚያየው የ2023ን ታክስ ስለሆነ ይህን አያውቅም፤ ፋፍሳው ላይ ገቢን ዝቅ አድርጎ መጻፍም አይፈቀድም። ጥያቄው የሚቀርበው ለኮሌጁ ቢሮ ነው፦ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የመጨረሻው የደመወዝ ወረቀት፣ የዘንድሮ ገቢ ግምት። ቢሮው አሳማኝ ሆኖ ካገኘው ስሌቱን በአዲሱ ገቢ ይሠራዋል። የአንዱ ኮሌጅ ውሳኔ ሌላውን ስለማያስገድድ፣ ለትልቋ ልጅም በምትማርበት ኮሌጅ እነዚሁን ማስረጃዎች ለየብቻ ማስገባት አለባቸው።